የፊዚክስና የምህንድስና የቤት ሥራ ጥያቄን በኢንተርኔት ማኅበረሰቦች ስለ መጠየቅ፦ ለቢቸና፣ ለሞጣና ለአካባቢው ተማሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ዳር የሚኖር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የፊዚክስ የቤት ሥራ ሲከብደው በመጀመሪያ የሚያስበው መምህሩን ነው። ይህም ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነው። ይሁን እንጂ አንድ መምህር ለብዙ ክፍሎች የሚያስተምር በመሆኑ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚተርፈው ጊዜ አነስተኛ ነው፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ በብዙ ቤቶች ስለ ቬክተር ወይም ስለ ኒውተን ሕጎች የሚጠየቅ ሰው አይገኝም። በዚህ ጊዜ ስልክ ያለው ተማሪ ወደ ቴሌግራም ግሩፖችና ወደ ዓለም አቀፍ የጥያቄና መልስ መድረኮች ፊቱን ያዞራል። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ተማሪዎች ከእነዚህ መድረኮች የሚገባቸውን እርዳታ እንዲያገኙ፣ ወላጆችም ልጆቻቸው በስልክ የሚያደርጉትን ለይተው እንዲያውቁ ለማገዝ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ምሽት የቤት ሥራ ብቻ አለመሆኑን የፈተና ውጤቶች ያሳያሉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። ቁጥሩ እያደገ ቢመጣም አሁንም አብዛኛው ተፈታኝ የማለፊያውን ነጥብ አያገኝም። በአማራ ክልል በጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርት የተስተጓጎለባቸው ተማሪዎች ሸክም ደግሞ ከዚህም የከበደ ነው፤ ያመለጣቸውን ትምህርት በራሳቸው ጥረት ማካካስ ይጠበቅባቸዋል። በፈተና አዳራሽ ውስጥ ስልክ የለም፣ ግሩፕ የለም፣ መልስ የሚልክ ወዳጅም የለም። ስለዚህ ከኢንተርኔት የተገኘ እርዳታ የሚመዘነው ደብተሩን በመሙላቱ ሳይሆን ተማሪው በማግሥቱ ተመሳሳይ ጥያቄን ብቻውን መሥራት በመቻሉ ነው።

በዓለም አቀፍ መድረኮች ላይ መልስ የሚሰጡ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ማወቅ ለአጠያየቅ ይረዳል። አብዛኞቹ ክፍያ የማይቀበሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፦ መምህራን፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ በሥራ ላይ ያሉ ወይም ጡረታ የወጡ መሐንዲሶች። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚሠራው ፊዚክስ ፎረምስ ለቤት ሥራ የተለየ ክፍል አለው። በዚያ ክፍል ጠያቂው እስካሁን የሞከረውን ማሳየት ግዴታው ነው፤ መላሾችም ሙሉ መልስ ሠርተው እንዳይሰጡ፣ ይልቁንም ፍንጭ እንዲሰጡና ስሕተቱን እንዲጠቁሙ በደንብ የታዘዙ ናቸው። የስታክ ኤክስቼንጅ የፊዚክስ ክፍል ከዚህም የጠበቀ ነው፤ ጥያቄው በአንድ የፊዚክስ ጽንሰ ሐሳብ ላይ ያተኮረ እንዲሆን ይፈልጋል፣ «የሠራሁትን አርሙልኝ» የሚል ጥያቄንም ይዘጋል።

ይህን ደንብ ያላወቀ ተማሪ የመጽሐፉን ገጽ በፎቶ አንሥቶ «እባካችሁ ሥሩልኝ» ብሎ ይለጥፋል፤ ጥያቄው በደቂቃዎች ውስጥ ሲዘጋ ደግሞ እንደ ተናቀ ይሰማዋል። ንቀት አይደለም። የሚከተሉት የማስተማር ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ለምሥራቅ ጎጃም ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። በቢቸና አቅራቢያ በሚገኘው በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩ ይሰማል፣ የተሳሳተውን ያርማል፣ ያልሞላውን ያሳያል። ባዶ እጁን ቀርቦ «ቅኔ ይስጡኝ» የሚል ተማሪ ከዚያ ጉባኤ ብዙ አያተርፍም። በጎ ፈቃደኛው መሐንዲስም ከጠያቂው የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት ከአካባቢው አንድ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ከሞጣ ወጣ ብሎ በዓባይ ላይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ስለፈረሰ «ሰባራ ድልድይ» የሚለውን ስም አገኘ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጎጃምንና ደቡብ ጎንደርን የሚያመላልስ ገበያተኛ በተሰበረው ክፍል ላይ በገመድ ታስሮ፣ በወዲህና በወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተሳበ ይሻገር ነበር። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ገመድ የሚመለከት የቤት ሥራ ተሰጠው እንበል፦ ክብደቱ 60 ኪሎግራም የሆነ ሰው በገመዱ መካከል ላይ ተንጠልጥሏል፤ ገመዱ በሁለቱም በኩል ከአግድም መስመር 10 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብሏል፤ በእያንዳንዱ በኩል ያለው የገመዱ ውጥረት፣ በትምህርቱ ቋንቋ ቴንሽን የሚባለው፣ ስንት ነው?

ብዙ ተማሪ በዚህ ላይ እንዲህ ይሠራል፦ 60 በ9.8 ሲባዛ 588 ኒውተን ይሆናል፤ ገመዱ ሁለት ወገን ስላለው ለሁለት ሲካፈል 294 ኒውተን። የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ግን 1,690 ኒውተን ያህል ይላል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አጠያየቅ ይኖራል። የመጀመሪያው ጥያቄውን ብቻ ለጥፎ መልስ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው የተሰጠውን ሁሉ ጽፎ፣ በሰውዬው ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች የሚያሳይ ንድፍ አክሎ፣ «588ን ለሁለት አካፍዬ 294 አገኘሁ፤ መጽሐፉ ግን 1,690 ይላል፤ 10 ዲግሪው የሚገባው በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ አልገባኝም» ብሎ መጻፍ ነው።

በሁለተኛው መንገድ ለተጠየቀ ጥያቄ ጥሩ መላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው በጥያቄ ነው፦ «ገመዱ ፈጽሞ ቀጥ ያለ ቢሆን፣ ሰውየውን ወደ ላይ የሚይዘው ምንድን ነው?» ተማሪው ሲያስብበት ቀጥ ያለ ገመድ ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ እንደማይስብ ይረዳል። ሰውየውን የሚሸከመው የውጥረቱ ሽቅብ ክፋይ ብቻ ነው፤ እርሱም ውጥረቱ በ10 ዲግሪ ሳይን ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ስለዚህ 294 ኒውተን ከእያንዳንዱ ወገን የሚፈለገው ሽቅብ ክፋይ እንጂ ውጥረቱ ራሱ አይደለም። 294 ለ0.174 ሲካፈል 1,690 ያህል ይወጣል። ተማሪው መጀመሪያ ያገኘው መልስም ከንቱ እንዳልነበረ እዚህ ላይ ይታወቃል፤ ሁለቱም ገመዶች ቀጥ ብለው ወደ ላይ የቆሙ ቢሆኑ 294 ትክክል ይሆን ነበር። የተሳሳተው ለሌላ ጥያቄ የሚሆን መልስ ስለሰጠ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ትርፍ ከቤት ሥራው ይበልጣል። ተማሪው በራሱ ማዕዘኑን ወደ 5 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ቢያሰላ ውጥረቱ ወደ 3,370 ኒውተን ይወጣል፤ ወደ 30 ዲግሪ ከፍ ቢያደርገው ግን 588 ብቻ ይሆናል። ገመድ በተወጠረ መጠን የሚሸከመው ጭነት እንደሚብስ፣ ፈጽሞ ቀጥ እንዲል መሳብም እንደማይቻል ከቁጥሩ ያነባል። በሰባራ ድልድይ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 በኬብል የተንጠለጠለ የእግረኛ መሸጋገሪያ ሠርቷል፤ እንዲህ ባለ ድልድይ ላይ ኬብሉ ወደ ታች ረገብ እንዲል የሚደረገው በዚሁ ስሌት ምክንያት ነው። መልሱን ብቻ የገለበጠ ተማሪ 1,690 የሚለውን ቁጥር ይዞ ይቀራል። በፈተናው ላይ ማዕዘኑ 25 ዲግሪ ሆኖ ሲመጣ ያ ቁጥር ምንም አይጠቅመውም።

ቋንቋ ራሱን የቻለ እንቅፋት ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ብዙ ተማሪዎች ነገሩን የሚያስቡት በአማርኛ ነው። በዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ለመጠየቅ የተዋበ እንግሊዝኛ አያስፈልግም፤ የመጽሐፉን ጥያቄ እንዳለ መገልበጥ፣ ከዚያም የራስን ሙከራ በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮችና በቀመር ማስቀመጥ ይበቃል። ቁጥርና ንድፍ በየትኛውም ቋንቋ ይነበባሉ። ሰላምታን ማብዛት፣ «ነገ የማስረክበው ስለሆነ ቶሎ በሉ» ብሎ ማጣደፍ፣ አንዱን ጥያቄ በአምስት ቦታ መለጠፍ ግን መላሾችን ያርቃል። ቀመር የሚጻፈው ላቴክ በተባለው የአጻጻፍ ዘዴ ነው፤ ጀማሪው ሁሉንም መማር ሳያስፈልገው ክፍልፋይን፣ ስኩዌር ሩትንና የግሪክ ፊደላትን መጻፍ ቢችል ለሁለተኛ ደረጃ ጥያቄዎች ይበቃዋል። የእጅ ጽሑፍ ፎቶ በሚፈቀድበት ቦታም ቢሆን ደብዛዛና የተዘቀዘቀ ፎቶ የሚያነብ አይገኝም።

የቴሌግራም ግሩፖች ሌላ ጠባይ አላቸው። በአማርኛ ማስረዳት ይቻላል፤ በድምፅ መልእክት የሚያብራራ ጓደኛ ወይም መምህር ይገኛል፤ መልሱም ፈጣን ነው። ጉድለታቸው ደግሞ ከዚሁ ፍጥነት ይመነጫል። የተሳሳተ መልስ የሚያርም ሰው ሳይገኝ በደቂቃ ውስጥ ወደ ሌሎች ግሩፖች ይዛመታል። ስለዚህ ከግሩፕ የመጣ መልስ መፈተሽ አለበት። የመጀመሪያው ፍተሻ የመለኪያ አሃዱ ነው፤ ኃይል ተጠይቆ መልሱ በሜትር በሰከንድ ከወጣ የቀረውን ማንበብ አያስፈልግም። ሁለተኛው ከላይ በገመዱ እንደታየው አንዱን ቁጥር እጅግ አሳንሶ ወይም አተልቆ ውጤቱ ከእውነታው ጋር መስማማቱን ማየት ነው። ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎቶች የሚጠቀሙ ተማሪዎችም ይህንኑ ፍተሻ ሊያደርጉ ይገባል፤ እነዚህ አገልግሎቶች ትክክለኛውንም የተሳሳተውንም በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ይጽፋሉና።

በዩኒቨርሲቲ ያሉ የምህንድስና ተማሪዎች ጉዳይ በጥቂቱ ይለያል። ከቢቸናና ከሞጣ ወጥተው በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ስታቲክስንና የቁሳቁስ ጥንካሬን የሚማሩ ተማሪዎች አሳይመንታቸው ከነጥባቸው ጋር የተያያዘ ነው። በመድረክ ላይ የተገኘን ሙሉ ሥራ እንደ ራስ አድርጎ ማስረከብ በዩኒቨርሲቲዎች ደንብ የሚያስጠይቅ ጥፋት ነው፤ መላሾቹም በቀላሉ ያውቁታል፣ የሚፈልግ መምህርም ያገኘዋል። ከዚህ የሚከፋው በኋላ የሚመጣው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ይጠበቅበታል። በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ ሌላ ሰው የሠራው አሳይመንት በዚያ ቀን ባለቤቱን አይረዳውም። እንግዲህ የምህንድስና ተማሪ ከመጠየቁ በፊት አንድ ነገር ያድርግ፦ አካሉን ከዙሪያው ነጥሎ በላዩ ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች ሁሉ በንድፍ ያስቀምጥ። በስታቲክስ ከሚነሡት ችግሮች ብዙዎቹ ይህ ንድፍ በትክክል ሲሠራ ያለ ጠያቂ ይፈታሉ።

በአካባቢው ኢንተርኔት ሁልጊዜ እንደማይገኝ የታወቀ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ ከዚያ ውጭም የመብራትና የኔትወርክ መቆራረጥ፣ የዳታ ዋጋም አለ። ስለዚህ ኔትወርክ በተገኘ ጊዜ የሚወርድና ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ነገር ማጠራቀም ይበጃል። የትምህርት ሚኒስቴር የመማሪያ መጻሕፍት በፒዲኤፍ ይገኛሉ። የአሜሪካው ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያዘጋጃቸው ፔት የተባሉ የፊዚክስ ማሳያዎች በነፃ ወርደው ያለ ኢንተርኔት በኮምፒውተር ይከፈታሉ፤ ወደ አማርኛ የተመለሱም አሉ። ኃይልንና እንቅስቃሴን፣ የኤሌክትሪክ ዑደትን የሚመለከቱት ላብራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት የማይናቅ ጥቅም አላቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ኢተርኔት በተባለው የኢትዮጵያ ትምህርትና ምርምር ኔትወርክ የሚገኘውን ብሔራዊ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት መጠቀም ይችላሉ። አንድ ተማሪ ያወረደውን በፍላሽ ለአሥር ተማሪ ሊያካፍል ይችላል፤ ሁሉም ለየራሱ ዳታ መግዛት አይኖርበትም።

ጥያቄንም አስቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል። ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት ጥያቄውን፣ ሙከራውንና ያልገባውን ነጥብ በስልኩ ማስታወሻ ላይ ጽፎ ያስቀመጠ ተማሪ ኔትወርክ ሲመጣ በሁለት ደቂቃ ይልከዋል። ሲጽፍም ስሕተቱን ራሱ የሚያገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በእርዳታ ስም የሚፈጸም ማታለል መኖሩን ተማሪዎችም ወላጆችም ሊያውቁ ይገባል። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ጥያቄዎች በማኅበራዊ ሚዲያ በመሰራጨታቸው ፈተናው ግንቦት 22 ቀን ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የፈተና ወቅት ሲቃረብ «የፈተናው መልስ አለን» የሚሉ የቴሌግራም ቻናሎች ይፈላሉ፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ገንዘብ ካስላኩ በኋላ ይሰወራሉ። የሚሸጡት ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ያለፈ ዓመት ፈተና ወይም ፈጠራ ነው። አሳይመንት በክፍያ እንሠራለን የሚሉትም ከዚህ የተሻሉ አይደሉም። በሌላ በኩል የፈተና መለያ ቁጥርን፣ የይለፍ ቃልን፣ የፋይዳ ቁጥርን ወይም የመታወቂያ ፎቶን በግሩፕ ላይ መለጠፍ አደገኛ ነው። የቤት ሥራ ጥያቄ የጠያቂውን ስም እንኳ አይፈልግም። የግል መረጃ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥበቃ የተደረገለት ቢሆንም አንድ ጊዜ ለሺህ ሰው የተሰራጨን ፎቶ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። የፈተና ውጤትም ሆነ የምዝገባ መረጃ የሚፈለገው ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ይፋዊ ገጾች ብቻ ነው።

ልጁ በስልክ እየተማረ ወይስ እየገለበጠ እንደሆነ ለመለየት ወላጅ ፊዚክስ ማወቅ አያስፈልገውም። ስልኩን ተቀብሎ አስቀምጦ «ይህን የሠራኸውን አስረዳኝ» ማለት ይበቃል። የገባው ልጅ ገመዱን በእጁ እያሳየ ይናገራል፤ የገለበጠው ቁጥሩን ይደግማል። ለሴት ልጆች ስልክ የመስጠት ጉዳይ በብዙ ቤት ገና ክርክር ያለበት ነው፤ ይሁንና ወንድሙ ለፊዚክስ የሚጠቀምበትን ስልክ እኅቱ በምሽት አንድ ሰዓት እንድትይዝ መፍቀድ ለቤተሰቡ ተጨማሪ ወጪ አያመጣም። ከማይታወቅ ሰው በግል መልእክት የሚመጣን «ላስረዳሽ» የሚል ግብዣ ግን በግሩፑ ላይ በግልጽ እንዲመልስ መጠየቅ፣ እምቢ ካለ መተው ይገባል።

ስልክ የሌላቸው ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ክፍል ካለ የአጠቃቀም ሰዓቱን ከርዕሰ መምህሩ መጠየቅ ይችላሉ። ጥያቄዎችን በክፍል ሰብስቦ በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ስልክ ወይም ኮምፒውተር መላክ፣ የመጡትን ማብራሪያዎችም ለፊዚክስ መምህሩ አሳይቶ በሰሌዳ ላይ አብሮ መሥራት ይቻላል። ጥያቄዎቹ በዝርዝር የሚጻፉበት አንድ ደብተር በክፍል አለቃው እጅ ቢቀመጥ፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያ ክፍል የሚገቡት ተማሪዎች የቀደሙት የት ላይ እንደተቸገሩና እንዴት እንደወጡ አስቀድመው ያገኙታል።